ሠለጠንን፤ ምኑን እንምራው?

ደግሞ ሌላ የሊደርሺፕ ሥልጠና መጣ። ሰሞኑን በየምሩቃኑ የቴሌግራም ግሩፕ ሲዞር የሰነበተው ማስታወቂያ «የቀድሞ ተማሪዎችን የመሪነት ክህሎት ለማጎልበት» ይላል። ቦታው ሆቴል፣ ጊዜው ሦስት ቀን፣ ቅጹ በእንግሊዝኛ፣ ማመልከቻው የሚዘጋው በማግሥቱ። አንዱ ከሥሩ «አበል አለው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «ይኼ አምና የተሰጠው አይደለም እንዴ?» አለ። በየዳ ወረዳ የምትሠራ ልጅ ማስታወቂያውን ያየችው ከተዘጋ በኋላ ነው። «ኔትወርክ አልነበረም» ብላ ጻፈች፤ የመለሰላት የለም።

የአንድ ሰው ብሶት ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የወጣውም፣ ከቴዎድሮስ ግቢ የወጣውም፣ ጤና የተማረውም፣ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም ሲገናኝ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ፒያሳ ቡና ስንጠጣ እናወራዋለን፤ አዘዞ ታክሲ ስንጠብቅ እናወራዋለን፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር ይነሣል። ሁላችንም ሠልጥነናል። ራእይ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ቡድን እንዴት እንደሚዋቀር፣ ግጭት እንዴት እንደሚፈታ ተነግሮናል። ሰርተፊኬቱ በየቤታችን ተደርድሯል። ከሥልጠናው ማግሥት «በል እንግዲህ ይህን ያዝ፣ ይህን ምራ» የሚለን ሰው ግን አላገኘንም።

አዳራሹን የማያውቀው የለም። ጠዋት 2፡30 ይጀመራል ይባላል፤ የክብር እንግዳው እስኪመጡ 4 ሰዓት ያልፋል። እንግዳው ስለ ወጣቱ ኃላፊነት ይናገሩና ወጣቱ አፉን ሳይከፍት ሌላ ስብሰባ አለብኝ ብለው ይወጣሉ። ከዚያ አሠልጣኙ ከወንበራችን ያስነሣንና ራሳችንን በእንስሳ መስለን እንድናስተዋውቅ ይጠይቀናል። የልጆች አባት የሆነ፣ ጤና ጣቢያ የሚያስተዳድር፣ ሌሊቱን አምቡላንስ ፍለጋ ሲደውል ያደረ ሰው ቆሞ «እኔ አንበሳ ነኝ» ይላል። ይህ ያሳዝነኛል። ያን ሰው «ሌሊቱን ምን ገጠመህ? እንዴትስ ተወጣኸው?» ብሎ የጠየቀው ቢኖር አዳራሹ በሙሉ ይማርበት ነበር።

በአንዱ ሥልጠና ላይ በቡድን ሥራው ከጃናሞራና ከዳባት ከመጡ ልጆች ጋር ተመደብኩ። ጥያቄው «የወረዳችሁን ዋና ዋና ችግሮች ለይታችሁ መፍትሔ አስቀምጡ» የሚል ነው። ጎናችን ያለው ቡድን «የአመለካከት ችግር፣ የግንዛቤ ማነስ፣ የቅንጅት ጉድለት» ብሎ ወዲያው ጨረሰ፤ በየሥልጠናው የሚጻፈው እሱ ስለሆነ ማሰብ አያስፈልገውም። የጃናሞራው ልጅ ግን ማርከሩን ይዞ መሬት ላይ ተንበረከከና ፍሊፕ ቻርቱ ላይ ካርታ መሣል ጀመረ። የወረዳውን ከተማ መካነ ብርሃንን መሐል አስቀመጠ። ቀበሌዎቹን ዙሪያውን በክብ በክብ አደረገ። መኪና የሚገባበትን መንገድ በሰማያዊ፣ ክረምት ላይ የሚቆረጠውን በቀይ ነጠብጣብ ለየ። በየክቡ ውስጥ ነፍሰ ጡር ከዚያ ቀበሌ በቃሬዛ ተይዛ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት ጻፈ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቦታ ኮከብ አድርጎ «የእናቶች ማቆያ እዚህና እዚህ ቢሠራ፣ ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው ይቀመጣሉ፤ ሌሊት ገደል የምትወርድ እናት አትኖርም» አለን። ቆርቆሮው ስንት እንደሚያስፈልግ፣ ባሕር ዛፉን ማን ሊያዋጣ እንደሚችል፣ ጉልበቱን የትኛው ቀበሌ እንደሚሰጥ ሁሉ ያውቃል። አሠልጣኙ «ኤክሰለንት!» አለ፤ አጨበጨብን፤ ፎቶ ተነሣ። ማታ ለረሳሁት ዕቃ ስመለስ የሆቴሉ ሠራተኛ ወረቀቶቹን ከግድግዳ እየላጠ ይጠቀልል ነበር፤ በማግሥቱ አዳራሹ ለሠርግ ተይዟል። ካርታውን ማንም አልወሰደውም። ልጁም ሰርተፊኬቱን ይዞ ወደ ጃናሞራ ተመለሰ፤ ማቆያዎቹ አልተሠሩም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይህ የሚሆነው ጎንደር ላይ መሆኑ ነው። ሰው በምን ዓይነት ሥራ መሪ እንደሚሆን ይቺ ከተማ ቀድማ ታውቀው ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አግዘውታል። እንዲከፈት ካስገደዱት ነገሮች አንዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነው። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ ማሠልጠን ጀመረ። ሦስቱም ትምህርታቸውን ሲያገባድዱ ቆላ ድባን ወደመሰሉ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች በቡድን ይወርዱ ነበር። ጤና መኮንኑ ሕሙማን ያያል፣ ቡድኑንም ይመራል፤ ነርሷ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ልጁ ገና ተማሪ ሳለ የሚያስተዳድረው ሥራ፣ የሚጠይቀው ሕዝብ፣ ሲያጠፋ የሚቆጣው አስተማሪ ነበረው።

በጤና ተማሪዎች ዘንድ ቲቲፒ የሚባለው የቡድን ሥልጠና ከዚያ የተወረሰ ነው። ያለፈበትን ሰው ስለ መሪነት ያወቅኸውን የት ተማርከው ብትሉት ሆቴል አይላችሁም። የቀበሌው ሊቀ መንበር እምቢ ሲለው ሽማግሌ ይዞ የሄደበትን ቀን ይነግራችኋል። የቡድኑ ልጆች በምግብ ገንዘብ ሲጣሉ ያስታረቀበትን፣ ስብሰባ ጠርቶ ሰው ቢቀርበት ቅዳሴ እስኪወጣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ የጠበቀበትን ይነግራችኋል። ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ነገሩ የጤና ብቻም አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ሲጀምር፣ ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ወርዶ እንዲያገለግል ደነገገ፤ አብዛኛው በመምህርነት ነበር የሚመደበው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አዘመተ። ያ ዘመቻ በግዴታ ነበር፤ ሕይወታቸውን ያጡ ልጆችም ነበሩበት፤ ይመለስ የሚል ሰው አላውቅም፣ እኔም አልልም። የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ለተማረው ሰው አንድ ሙሉ ዓመት፣ አንድ ቦታና አንድ ሥራ ይሰጠው ነበር። ዛሬ የሚሰጠን ሦስት ቀን ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባነው ደግሞ ድካማችን የተለየ ነው። ቢፒአር መጣ ተብሎ ተሰበሰብን፤ ቢኤስሲ መጣ ተብሎ ተሰበሰብን፤ ካይዘን መጣ ተብሎ ወንበርና ፋይል ደረደርን። እያንዳንዱ የአሠራር ማሻሻያ ሲመጣ የፊተኛውን ያስረሳል፤ የፊተኛው ምን እንዳመጣ ቆሞ የሚመረምር የለም። የሊደርሺፕ ሥልጠናውም በዚያው ቦይ የሚፈስ ሆኗል። እኛ አዳራሽ ስንቀመጥ ቢሮው ይዘጋል። ከወገራ ገጠር በእግሩም በመኪናም ተጉዞ የመጣ ገበሬ «ሥልጠና ላይ ነን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ ያገኛል። ከተማ የሚያድርበት ዘመድ ከሌለው ያን ቀን መከራውን ይበላል። ስለ መልካም አስተዳደር የምንሠለጥነው እሱን ደጅ እያስጠናን ነው።

አንዲት የማውቃት ጤና መኮንን አለች፤ ደጋው ላይ፣ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወረዳ ጤና ጣቢያ ትመራለች። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ መብራት ሲጠፋ ሌሊት ተነሥታ ቴርሞሜትሩን የምታየው እሷ ነች። አምቡላንሱ ጎማ ፈንድቶበት ሲቆም የግዥ ጥያቄ ጽፋ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ ተባለች። በወረዳው የመኪና ጎማ የሚሸጥ አንድም ሱቅ የለም። ጎንደር ድረስ ሰው ልካ ሦስቱን አስመጣች፤ አንደኛው ማኅተሙ አይነበብም ተብሎ ተመለሰ። እንደገና አስላከች። ጎማው እስኪገዛ የቀበሌውን ወጣቶች አስተባብራ ቃሬዛ የሚሸከም ተራ አወጣች፤ ማን በየትኛው ሌሊት እንደሚጠራ ስማቸውን ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ይህች ልጅ የተካፈለቻቸው ሥልጠናዎች ስለ በጀትም ስለ ግዥም አንድ ቃል አልተናገሩም። ገንዘብ ያዡን እንዴት እንደምታግባባው፣ የወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ የጤና ጣቢያዋን ጉዳይ በማን በኩል እንደምታቀርብ ያስተማራት የለም። የተማረችው ስለ ትልልቅ የዓለም ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጆች ነው። አሠልጣኝ ሆና መጋበዝ የሚገባት እሷ ነበረች። ማን ያውቃታል?

ሁሉንም በአንድ ላይ አልወቅስም፤ የተሻለም አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በ2009 ዓ.ም. የጀመረው የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ለ10 ዓመት የታቀደ ነው። 24.2 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተይዞለት 450 ወጣቶችን ለማስተማር ሲነሣ ቅድሚያ ከሰጣቸው መካከል አካል ጉዳተኞች ይገኙበታል። መሪነቱ ከትምህርቱ ጋር ዓመት ተቆጥሮለት እንዲሰጥ ነው የታሰበው፤ አካሄዱ ልክ ነው እላለሁ። ችግሩ 450 ሰው ከዚህ ሁሉ ምሩቅ ውስጥ ጥቂት መሆኑ ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሊ የተባለውን የአፍሪካ ወጣት መሪዎች ፕሮግራም ሲጀምሩም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ለመጀመሪያው የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎውሺፕ 500 አፍሪካውያን ወጣቶች ለስድስት ሳምንት አሜሪካ ሲሄዱ፣ የደረሰው ማመልከቻ ወደ 50 ሺህ ይጠጋ ነበር። ከመቶ አንዱ ሄደ ማለት ነው። እኛ ዘንድ የሚዘጋጁት አብዛኞቹ ሥልጠናዎች የዚያን ቅርጽ ቀድተዋል፤ ባነሩን፣ ቃሉን፣ የቡድን ፎቶውን። ገንዘቡን፣ ጊዜውንና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ክትትል ግን አልቀዱም።

የሚመረጠውስ ማን ነው? ከተማ ያለ፣ ኢንተርኔት ያለው፣ እንግሊዝኛው ቀና ያለለት፣ ከመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ በአንድ ቀን የሚያገኝ። ሄዶ ሄዶ ያው ሰው ነው የሚመረጠው። አዲ አርቃይ ያለው መምህር ደብዳቤ ለማስፈረም ኃላፊውን ሲፈልግ ቀኑ ያልፋል። አራስ የሆነች ልጅ ሕፃን ይዛ መምጣት ትችል እንደሆነ ስትጠይቅ «ለዚያ አልተዘጋጀንም» ይሏታል። በዊልቸር የሚሄድ ጓደኛችን አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ፣ ሊፍት የሌለው ሆኖ፣ አራት ሰው ተሸክሞት ሲወጣ አይቻለሁ፤ የዕለቱ ርእስ አካታችነት ነበር። በየጊዜው መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ከጠለምት ጎንደር መምጣት ራሱ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው ፕሮግራሙን የሚያወጣው። ለምን ደባርቅ አይሆንም? ለምን አምባ ጊዮርጊስ አይሆንም? ትምህርት ቤቱ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ዩኒቨርሲቲም ደባርቅ ላይ አለ። ቋንቋውስ ለምን አማርኛ አይሆንም? የሠልጣኙም የአሠልጣኙም አፍ መፍቻ አማርኛ ነው፤ የሚመራው ገበሬም የሚሰማው አማርኛ ነው፤ ስላይዱ ብቻ እንግሊዝኛ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደዚህ ሲዘልቅ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ አካባቢ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደባርቅና ዳባት ገባ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ስም የሚመዘግብ፣ እህል የሚያከፋፍል፣ የታመመ የሚለይ፣ ለአራሶች ለብቻ ክፍል የሚያስለቅቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህን ከሠሩት መካከል በየወረዳው ያሉ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ነበሩ፤ ሥራ አጡም፣ መምህሩም፣ ነርሱም። ማንም አልሾማቸውም፤ ሕዝቡ ግን ታዘዛቸው። ከእነሱ የበለጠ የመሪነት ፈተና ያለፈ ሰው በየትኛው አዳራሽ ይገኛል? ነገሩ ሲበርድ ግን ያንን ልምድ የጻፈው የለም፤ ሰዎቹንም ጠርቶ «ያኔ ያደረጋችሁትን አስተምሩን» ያለ የሥልጠና አዘጋጅ አላየሁም።

ሥራ ያላገኘውን ምሩቅ ሳስብ ደግሞ ምሬቱ ይብሳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መውጫ ፈተናም ማለፍ አለበት። አልፎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የማስታወቂያ ቦርድ ሥር ቆሞ «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል ክፍት የሥራ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። አንድ ቦታ ሲወጣ ምዝገባው ሰልፍ ነው። ባጃጅ የሚነዳ ኢንጂነር አለ፤ ከእናቱ ጋር ጉሊት የሚውል የሒሳብ ምሩቅ አለ፤ ይህ ነውር የለበትም፣ ሠርተው ነው የሚበሉት። ግን ያንን ልጅ ጠርታችሁ «አንተ የነገ መሪ ነህ» ስትሉት ፊቱን ተመልከቱት። ዛሬ የተማረበትን ሥራ ያጣ ሰው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው የሚሆንበት።

የምሩቃን ማኅበር የሚባለውም አላሳረፈን። ቅጽ ሙሉ ይሉናል፤ እንሞላለን። ሥራ አስፈጻሚው ሲቀየር እንደገና ሙሉ ይሉናል፤ የበፊቱ ጠፍቷል። በዓል ሲደርስ ቲሸርት ግዙ፣ መዋጮ አስገቡ እንባላለን፤ እሺ ብለን እናስገባለን፤ ያስተማረን ግቢ ነውና አይከፋንም። ነገር ግን ማን የት እንደሚሠራ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ የትኛው ቀድሞ የወጣ ለየትኛው አዲስ ምሩቅ መካሪ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ዝርዝር እስከ ዛሬ አልወጣልንም። አዲስ አበባና ውጭ ሀገር ያሉት የጎንደር ምሩቃን ብር መላክ አይቸግራቸውም፤ ለማን እንደሚልኩ የሚያሳያቸው ያጡ ናቸው። ያ የጃናሞራ ልጅ የሣለውን ካርታ አንድ ሰው ስልኩ ላይ አንሥቶ ቢልክላቸው፣ ማቆያዎቹን የሚያሠራ ሰው አይጠፋም ነበር።

የሚቀጥለውን ሥልጠና የምታዘጋጁ ወገኖች፣ ልመናችን ይህ ነው። የአንዱን ዙር የሆቴልና የአበል ወጪ አታውጡት። በዚያ ገንዘብ ጥቂት ምሩቃንን ምረጡ፤ ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የመጠጥ ውኃ ኮሚቴ ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስጡት፤ አንድ ዓመት ይሥራበት። ትንሽም ብትሆን የሚያዝባት በጀት ይኑረው። እዚያው አካባቢ ብዙ ዘመን የሠራ አንድ ታላቅ ሰው መካሪ አድርጉለት። በጀት እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ግዥ እንዴት እንደሚፈጸም፣ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሕዝብ ሲቆጣ እንዴት እንደሚደመጥ በአማርኛ አስተምሩት። ስትመርጡ ከበየዳ፣ ከጃናሞራና ከጠለምት ጀምሩ። በዓመቱ ተመልሳችሁ የሠራውን እዩለት፤ ያቃተውንም ጠይቁት፤ የጻፈውን ወረቀት ደግሞ እባካችሁ ይዛችሁ ሂዱ።